ዳሩ የነጣ ቅጠል

ሐዋሳ ሐይቋን በስተምዕራብ አድርጋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንዲህ ያስቀመጣት መልክዓ ምድሩ ስለሆነ የሚከሰስ አካል የለም። ነገሩ የሚበላሸው ከሰዉ ልማድ ጋር ሲገጥም ነው። ሰው ከሥራ የሚወጣው አመሻሽ ላይ ነው፤ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ሲደርስ አሥራ አንድ ተኩል ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ዝቅ ብላ ካሜራውን ዓይን ለዓይን ትጠብቀዋለች። ሁሉም ደግሞ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ መነሣት ይፈልጋል። ሐይቁን ከኋላው ያደረገ ፀሐይዋንም ከኋላው ማድረጉ አይቀርም። ስለዚህ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ያለው የሐዋሳ ማስታወሻ እጅግ ያማረ ሐይቅና ማንነቱ ያልተጣራ ጥቁር ሰው ነው። የማኅበር ጉዞም ይሁን የጫጉላ ሽርሽር፣ ለስብሰባ የመጣ የመሥሪያ ቤት ልዑክም ይሁን፣ ሁሉም እኩል ጥላ ሆኖ ይመለሳል። አበል የበላውንና ያልበላውን በፎቶ መለየት አይቻልም።

ካሜራ አንግተው ሐይቅ ዳር የሚሠሩት ልጆች መላ አላቸው። «ዙሩ! ወደ ፀሐይዋ ዙሩ!» ይላሉ። ሰዉ ይዞራል። ፊቱ ይበራል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ሐይቁ ከፎቶው ይወጣል፣ በምትኩ ከመንገዱ ዳር የቆመ ባጃጅ ይገባል። ሙሽሮች ናቸው የሚያሳዝኑኝ። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ አልበሙ ላይ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተቆጥተው ነው የሚታዩት።

እኔ ከሐይቁ ራቅ ብዬ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ እኖራለሁ። ሰው ማንሣቱን ቀነስ አድርጌ ወደ ቅጠል ዞሬያለሁ። ቅጠል ዓይኑን አይጨፍንም፤ «ቀላ አድርገህ አውጣኝ» አይልም፤ «በቴሌግራም ላክልኝ» ብሎ ሌሊት አይደውልም። ቅጠል ደግሞ በሰው ላይ ነውር የሆነው ነገር ያምርበታል፤ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ነው መልኩ የሚወጣው።

የተከራየሁበት ግቢ ጓሮ ውስጥ እንሰት አለ። አከራዬ እማማ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ከተማ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ቢሆንም እንሰት የሌለበት ጓሮ ባዶ ቦታ ይመስላቸዋል። እንሰት መልኩ የሙዝ ነው፤ ፍሬውን ግን ማንም አይጠብቅም፤ የሚፈለገው ከታች ያለው ነው። ቆጮውና ቡላው ከግንዱና ከሥሩ ይወጣል፤ ቃጫውም ለገመድ ይሆናል። ሃያ ሚሊዮን የሚሆን ኢትዮጵያዊ ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው። ሰሜኑ ደግሞ ኮባ ብሎ ድፎ ዳቦ ይጠቀልልበታል። ለእኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ቅጠሉ ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ መሐሉን የሚያልፈው አከርካሪ በአንዳንዱ ዝርያ ቀይ ነው፤ ነፋስ ደግሞ በደም ሥሮቹ አቅጣጫ ዘልዝሎት ዳሩ ሁሉ ዘርፍ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበራል።

መጀመሪያ እዚያ ሥር ተንበርክኬ ያገኙኝ ዕለት እማማ ቆመው አዩኝ።

«ሰው ጠፍቶ ነው ቅጠል የምታነሣው?»

«ያምራል እኮ እማማ። እስቲ ፀሐይ ሲመታው ይዩት።»

ጎንበስ ብለው አዩት። ግንዱን በመዳፋቸው ለካ ለካ አደረጉት። «ለቆጮ ገና ነው» ብለው ገቡ።

የቅጠሉን ውበት ምሥጢር ለእርሳቸው ለማስረዳት ሞክሬ ስላልሆነልኝ ለአንባቢ ልንገር። ቅጠል ምግቡን በአብዛኛው የሚሠራው በቀዩና በሰማያዊው ብርሃን ነው፤ እነሱን በብዛት ውጦ ከአረንጓዴው ያተርፋል። ከፊት ለፊቱ ስናየው የሚደርሰን አረንጓዴ ብቻውን አይደለም፤ ሰማዩም በሰም በተቀባው ቆዳው ላይ እየተንጸባረቀ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ቅጠሉ ግራጫ ቢጤ፣ አቧራ ያየው መስሎ ይታያል። ከኋላው ፀሐይ ስትሆን ግን ዓይናችን ጋ የሚደርሰው በሥጋው ውስጥ ሰንጥቆ ያለፈው ብርሃን ነው። ያ ብርሃን ግብሩን ከፍሎ የወጣ ስለሆነ ቀለሙ ጥርት ያለ ነው፤ ሥሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ዳሩ ግን ለሌላ ሕግ ነው የሚያድረው። የቅጠል ጠርዝ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ጤዛ ይይዛል፤ ፀሐይዋ እዚያ ላይ የምትመጣው አግድም እየታከከች ነው። ፍሬኔል የሚባል ፈረንሳዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በስሌት እንዳሳየው፣ ልሙጥ ገጽ ላይ በአናቱ ቀጥ ብሎ የወረደ ብርሃን ጥቂቱ ብቻ ይመለሳል፤ እየታከከ የመጣው ግን በታከከ መጠን ወደ መቶ በመቶ እየተጠጋ ይመለሳል። ውኃ በአናቱ ከመጣበት ብርሃን የሚመልሰው ሁለት በመቶ ያህሉን ነው፤ ያው ውኃ አመሻሽ ላይ መስታወት ሆኖ ፍቅር ሐይቅ ያለውን ሁሉ ዓይን ያስጨፍናል። በቅጠሉ ጠርዝ ላይ የሚታየው ነጭ መስመርም የፀሐይዋ መልክ ነው እንጂ የቅጠሉ ቀለም አይደለም። ከውስጡ አልፎ አልመጣም፤ ግብር አልከፈለም።

የሰው ዓይን ይህን ሁሉ አቻችሎ ያያል። ካሜራ አይችልም። ሴንሰር የሚሉት ሰሌዳ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የብርሃን ማጠራቀሚያዎች አሉ፤ ነገራቸው እንደ ሰፈራችን ሮቶ ነው። ሌሊት ውኃ ሲመጣ ሮቶው ከሞላ በኋላ የፈሰሰውን የሚቆጥረው የለም፤ ጠዋት ክዳኑን ብትከፍቱ ሞልቷል፤ አንድ ባልዲ ይፍሰስ አሥር ባልዲ ምስክር አይሆንም። በተለመደው የፎቶ ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣል። 255 ከደረሰ በኋላ ትንሽ ያለፈውና ብዙ ያለፈው እኩል ናቸው። ባለሙያዎቹ «ሮው» የሚሉት ፋይል በ14 ቢት ሲሆን 16,384 እርከን አለው፤ መፈናፈኛ ይሰጣል፤ የሞላን ግን እርሱም አያጎድልም።

በፀሐይ የተመታ ቅጠል ላይ ደግሞ ሙላቱ በተርታ ነው የሚመጣው። አረንጓዴው ቀድሞ ይሞላል፤ ያኔ ሥሮቹ ይጠፉና ቅጠሉ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ካርቶን ይሆናል። ብርሃን ስትጨምሩበት ቀዩ ይደርስበታል፤ ይኼኔ ዳሩ ቢጫ ይሆናል። በመጨረሻ ሰማያዊው ይመጣል፤ ነጭ። ይህን የአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ ቅደም ተከተል አንባቢ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፤ ኋላ በአንድ የተከበሩ ገበሬ ላይ ድንጋጤ ያመጣ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያባብሰው የካሜራው እምነት ነው። ካሜራ ዓለም በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ናት ብሎ ያምናል፤ ከወደቀባት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የምትመልስ ግራጫ። ከሰል ብታሳዩት ግራጫ ያደርገዋል፣ አዲስ ነጠላ ብታሳዩት ግራጫ ያደርገዋል። ከእንሰቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጠዋት ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው። ካሜራው ያንን ጥቁር ሲያይ «ውይ ጨለማ ነው» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ቅጠሉም ይነድዳል። ሰማዩን ከኋላ አድርጌ ባነሣው ደግሞ «ውይ ብርሃን በዛ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ቅጠሉ ጥቁር ቆዳ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካሜራውን አለማመን። ቅጠሉ ላይ በጣም የበራውን ቦታ በጣት መንካት፤ በብዙ ስልክ ስክሪን ላይ ትንሽ ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ እርሷን ወደ ታች መጎተት። ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን ያቆማት በጸሎት ነው፤ እኛ በአውራ ጣት ዝቅ እናደርጋታለን፤ ይህንንም ማንም ተአምር አይለውም። ግድግዳው ይጨልማል። ይጨልም። የጨለመውን ኋላ ማንሣት ይቻላል፤ እህል እህል የሚል ነጠብጣብ ይዞ ይመጣል እንጂ ይመጣል። የነጣውን ግን የት ብለው ይፈልጉታል?

በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። እርሳቸው የተማሩት ተቃራኒውን ነው። ነጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ቻይ ነበር፤ የማይምረው ያነሰበትን ነው። «ለጥላው አብዝተህ ስጥ» እየተባሉ አድገው፣ ዲጂታሉ ሲመጣ ዕውቀታቸው በአንድ ሌሊት ተገለበጠ። ለነገሩ የቀድሞዎቹ ፎቶ አንሺዎች ዕድለኞች ነበሩ እላለሁ። ከምኒልክ ዘመን እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉት አርመኖቹ ቦያጂያኖች ንጉሡን በመረጡት ቦታ፣ በመረጡት ብርሃን አስቀምጠው ነበር የሚያነሡት። ንጉሠ ነገሥቱ «ሐይቁ ይግባልኝ» አላሉም። ፎቶ ቤትም ቢሆን ሐይቁ የሚገባው በመጋረጃ ላይ ተሥሎ ነበር፤ የተሣለ ሐይቅ ደግሞ አያንጸባርቅም። ሐይቅ ባለበት ከተማ የሐይቅ መጋረጃ ፊት መነሣት ያኔ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ጥበብ መሆኑ ገብቶኛል።

ሰው ላይ ሲመጣ ነገሩ ከቅጠልም ይከፋል፤ አለባበሳችን ነው ጣጣው። ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ተከቦ፣ ጥለቱ ላይ የወርቅ ክር፣ ከኋላ ፀሐይ። ነጠላ ስስ ስለሆነ ልክ እንደ ቅጠል ብርሃን ያሳልፋል፤ ዳሩ ይነድዳል። ለነጠላው ብናስብ ፊቱ ይጠፋል፣ ለፊቱ ብናስብ ነጠላው ከነጥለቱ ደመና ይሆናል። የፈረንጆቹ ፊልም ደግሞ መጀመሪያውኑ የእኛን ፊት አስቦ አልተሠራም። ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች ይልክ የነበረው የቀለም መመዘኛ ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏት ነበር፤ እርሷ ካማረች ፎቶው አማረ ማለት ነው። ፊልሙ ጥቁርና ቡናማውን ለይቶ እንዲያወጣ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩበት። ለማስታወቂያቸው ቸኮላቱ ከቸኮላት አልለይ አላቸው። ፊታችን በቁም ሣጥን አማላጅነት ነው ከጨለማ የወጣው። ይህን ታሪክ ለሰርግ ፎቶ አንሺ ነግሬው «እሱስ ይሁን፤ ሙሽራዋ ግን አሁንም ቀላ አድርገኝ ነው የምትለው» አለኝ።

የዘመኑ ስልክ ይህን ሁሉ ፈትቻለሁ ይላል። አንድ ጊዜ ስትነኩት ቶሎ ቶሎ ብዙ ፎቶ ያነሣና፣ ከአንዱ ብርሃኑን ከሌላው ጥላውን ወስዶ ይሰፋዋል። ዘዴው የሚሠራው ቅጠሉ ዝም ካለ ነው። የሐዋሳ ቅጠል ዝም አይልም፤ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ስፌቱ ይዛነፍና ቅጠሉ መንታ ይወልዳል። ከዚያም ስልኩ ምስሉ ጥርት እንዲል ብሎ ጠርዙን ሁሉ በነጭ እስክሪብቶ ይከበዋል። ስለዚህ ዳሩ የነጣ ቅጠል ባያችሁ ቁጥር ፀሐይን አትውቀሱ፤ አንዳንዱን ነጭ መስመር ያመጣው ስልኩ ራሱ ነው። ሦስተኛ ተጠርጣሪም አለ። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጥብስ ይበላል፤ በዚያው ጣት ስልክ ይነሣል፤ ቅባቱ ሌንሱ ላይ ያርፋል። ፀሐይ በቅባት ውስጥ ስታልፍ ጭጋግ ታለብሳለች፤ ፎቶው ሕልም ይመስላል። ሰዉም «ዋው፣ ምን ዓይነት አፕ ነው?» ይላል። ቆሮሶ ነው።

እዚያው አሞራ ገደል ዛፎቹ ላይ የሚኖረው ጉሬዛ ደግሞ ለካሜራ የተላከ ፈተና ነው የሚመስለኝ። አካሉ ከሰል፣ ካባው ጥጥ፣ መቀመጫው ሁልጊዜ ፀሐይዋን ከኋላው ያደረገ ቅርንጫፍ። ካባውን ያዳነ ጉሬዛውን ያጣል። ከታች የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ግን ለዓሣ ትራፊ ብለው ለሰዓት ያህል ንቅንቅ ስለማይሉ፣ በከተማችን ካሉት ሞዴሎች ሁሉ ሥነ ሥርዓት ያላቸው እነርሱ ናቸው።

የውጭ መጻሕፍት «ወርቃማውን ሰዓት ጠብቁ» ይላሉ። ሰዓቱ የእነርሱ ነው። ስቶክሆልም ላይ የበጋ ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ስለምትጠልቅ ያ ለስላሳ ብርሃን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ወደ ታች ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ካለችበት እስክትጠልቅ 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ሰላምታ ይቀነሳል። ካሜራ ይዤ ስወጣ መንገድ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ካገኘሁ፣ የእርሱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የእናቱን፣ የሥራውን ጠይቄ ስጨርስ ወርቁ መዳብ ሆኗል።

በመጋቢት ማለቂያና በነሐሴ ማለቂያ ግድም ደግሞ የቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ጥላ እግር ሥር ይገባል። ያኔ ቅጠልን ከኋላው የበራ አድርጎ ማየት የሚቻለው ከሥሩ ተጋድሞ ወደ ላይ ሲያዩ ብቻ ነው። በመጋቢቱ ቀትር ጓሮ ውስጥ በጀርባዬ ተዘርግቼ እማማ አገኙኝ። ምንም አላሉም። ማታ ግን እራት ከላኩልኝ በኋላ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ቅዱስ ገብርኤል ጠዋት ጠዋት ጠበል አለ ይላሉ» አሉኝ።

ቀደም ብዬ ያልኩት ድንጋጤ የመጣው ግን ከእኔ ካሜራ አይደለም። የእማማ የልጅ ልጅ እኔን እያየ ቅጠል ማንሣት ጀመረ። ያው እንሰት፣ ያው ጠዋት፣ ስልኩን እንደመጣለት ደቅኖ። ጥላው ግድግዳ ከኋላ ስለነበር ስልኩ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ቅጠሉ መሐሉ ሥር አልባ አረንጓዴ፣ ወደ ዳር ሲሄድ ቢጫ፣ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ወጣ። ልጁ «አያቴ ጓሮ» ብሎ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ላከው። ከቤተ ዘመዱ አንዱ አለታ ወንዶ ያሉት የእማማ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲተክሉ የኖሩ።

እንሰትን የሚያሳድድ አጠውልግ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ። ባክቴሪያው በሳይንስ መዝገብ የተጻፈው በ1968 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ በመጨረሻም ተክሉ በሙሉ ይሞታል። ፈውስ የለውም፤ ነቅሎ ማስወገድ ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚያጋቡት ዋነኞቹ መካከል ደግሞ የታመመውን የነካ ቢላ አለ፤ ስለዚህ አዋቂ ገበሬ ቢላውን በእሳት ሳያሳልፍ ሌላ እንሰት አይነካም።

የእማማ ስልክ ወዲያው ጮኸ፤ ወንድማቸው ናቸው። እማማ ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ ግቢው ሁሉ ሰማ።

«ቅጠሉ ታሟል! በቢላ እንዳትነኩት! ማንም እንዳይገባ፤ እኔ እመጣለሁ!»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ቅጠሉን ሳበላሽ የከረምኩት እኔ እንደሆንኩ ዓይናቸው ነገረኝ። በጨለመው ግድግዳ ላይ ሥሩ ሁሉ የሚቆጠረውን፣ እኔ ያነሣሁትን ላኩላቸው አልኩ። ልጁ ላከ። መልሱ ከመቅጽበት መጣ፤ «ይሄ ሌላ ተክል ነው። አታታሉኝ።»

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሱ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ነጭ ባርኔጣ፣ ኮት፣ ዘንግ። ሰላምታውን እንኳ አሳጥረው ቀጥታ ወደ ጓሮ ገቡ። ቅጠሉን ከፊት አዩት፤ ገለበጡት፤ ከኋላ አዩት፤ የመሐሉን ለጋ ቅጠል ዳሰሱት፤ አሸተቱት። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን አዩ፤ ቅጠሉን አዩ፤ እንደገና ፎቶውን።

«ደህና ነው» አሉ። የተከፉ ይመስላሉ። ያን ሁሉ መንገድ ለጤነኛ ነገር መምጣት ይከብዳል።

ቡና ተፈላ። የብርሃኑን፣ የግራጫውን፣ የ255ቱን ነገር አጫወትኳቸው፤ በጽሞና አዳመጡ፤ ሮቶው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊሄዱ ሲነሡ፣ «በል እንግዲህ አዋቂ ከሆንክ አንድ አንሣኝ፤ ከእንሰቱ ጋር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ፀሐይዋ ፊት ይዙሩልኝ።»

«ዓይኔን ታመኛለች። ከኋላዬ ትሁን።»

ጠይም ፊት፣ ነጭ ባርኔጣ፣ ጥቁር ኮት፣ ከኋላ ፀሐይ፣ ከባርኔጣው ጀርባ ሰማይ። እኔ ለፊታቸው አዘንኩ፤ የእማማ ወንድም ፎቶ ፊት ከሌለው ለምን ይሆናል? ትንሿን ፀሐይ ሆን ብዬ ወደ ላይ ገፋሁና አነሣኋቸው። ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጣ፤ የግንባራቸው መስመር ሳይቀር።

ስልኩን ከእጄ ወስደው ራቅ አድርገው ያዙት። ፊታቸውን አለፉት፤ ዓይናቸው ባርኔጣው ላይ ቆመ። ዳሩ ሰማይ ውስጥ ገብቶ ቀልጧል።

«ባርኔጣው ታሟል» አሉ ለእኅታቸው እያሳዩ። «በቢላ እንዳትነኩት።»